ከቆሻሻ መጣያ ወደ ወፎች ማረፊያ፤ የአርኬታ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ታሪክ

የከተሞች ታሪክ ሲጻፍ ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ አደባባዩና ስለ መንገዱ ብዙ ይባላል፤ ስለ ፍሳሽ ቆሻሻው ግን የሚነገረው እምብዛም ነው። ሆኖም አንድ ከተማ የተጠቀመበትን ውኃ ወዴትና እንዴት አድርጎ እንደሚያሰናብት መመርመር፣ ከተማው ስለ ነዋሪዎቹ ጤና፣ ስለ ጎረቤቶቹ መብትና ስለሚመጣው ትውልድ ያለውን አስተሳሰብ መመርመር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በሙያችን ዘንድ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣውን የአንዲትን ትንሽ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት በአጭሩ ማቅረብና ከዚያም ልንቀስም የሚገባንን ትምህርት ማመልከት ነው። ከተማዋ በአሜሪካ አገር በሰሜን ካሊፎርኒያ የምትገኘው አርኬታ ናት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋና የባሕር ሰላጤው

አርኬታ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን፣ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ የሃምቦልት ሰላጤ ተብሎ በሚጠራው የባሕር ክንድ ሰሜናዊ ጫፍ ላይ የተቆረቆረች ናት። አካባቢው ከጥንት ጀምሮ የዊዮት ሕዝብ ምድር ነበረ። በ1850 ወርቅ ፈላጊዎች ወደ ተራራው ማዕድን ሲጎርፉ ለእነርሱ ስንቅና ዕቃ ማከፋፈያ እንድትሆን ከተማዋ ተመሠረተች። የወርቁ ዘመን ሲያልፍ ደግሞ ሬድዉድ የሚባለው ግዙፍ ዛፍ የሀብቷ ምንጭ ሆነ፤ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎችም በሰላጤው ዳር ተደረደሩ። ዛሬ ከተማዋ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ስትሆን፣ በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ18,000 የሚበልጡ ነዋሪዎች ነበሩባት።

የሃምቦልት ሰላጤ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ ነው። የባሕሩ ውኃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በጎደለ ጊዜ ሰፊ የጭቃ ሜዳ ይጋለጣል። በዚህ ጭቃ ሜዳ ላይ በመንጋ የሚሰፍሩ ተጓዥ ወፎች ምግባቸውን ይለቅማሉ። በሰላጤው ውስጥ ኦይስተር የሚባለው ቅርፊት ለበስ የባሕር እንስሳ ይረባል፤ በካሊፎርኒያ ለገበያ ከሚቀርበው ኦይስተር የሚበዛው የሚመጣው ከዚህ ስፍራ ነው። ይህ እንስሳ የሚመገበው ውኃውን በሰውነቱ እያሳለፈ በማጥለል ስለ ሆነ፣ በውኃው ውስጥ ያለውን ረቂቅ ሕዋስ በገላው ያከማቻል። አብዛኛውን ጊዜም ሳይበስል ስለሚበላ፣ በሰላጤው ዳር የተሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ስሕተት በቀጥታ ወደ ሰው ማዕድ ይደርሳል ማለት ነው። የዚህን ታሪክ ክብደት ለመረዳት ይህን ነጥብ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የጣቢያው አጀማመርና የማጣራቱ ደረጃ በደረጃ ማደግ

እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ከተሞች አርኬታም ፍሳሿን ሳታጣራ ወደ ሰላጤው ስትለቅ ኖራለች። በ1949 የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ፣ ይኸውም ጠጣሩን ቆሻሻ በማዝቀጥ ብቻ የሚለይ ጣቢያ ተሠራ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግድም በሰላጤው ዳር ሰፋፊ የኦክሲጅን ኩሬዎች ተጨመሩ። በዚያው ዘመን በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ዊልያም ኦስዋልድ አልጌና ባክቴሪያ በኩሬ ውስጥ ተደጋግፈው ቆሻሻን እንዴት እንደሚያብላሉ በሰፊው ያጠኑ ስለ ነበረ፣ የኩሬ ማጣሪያ በካሊፎርኒያ የታወቀ ዘዴ እየሆነ ሄዶ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1966 ተሐዋስያንን ለመግደል ክሎሪን መጨመር ተጀመረ። ክሎሪኑ ራሱ ለዓሣ መርዝ መሆኑ ስለ ታወቀም፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ውኃው ወደ ሰላጤው ከመለቀቁ በፊት ክሎሪኑን የሚያስወግድ መሣሪያ ተተከለ።

ከዚህ ቅደም ተከተል የምንረዳው፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ አንድ ችግር ሲፈታ ሌላውን እየገለጠ የሚሄድ መሆኑን ነው። ኩሬው ኦርጋኒክ ቆሻሻውን ቢቀንስም ተሐዋስያኑን አልጨረሰም፤ ክሎሪኑ ተሐዋስያኑን ቢገድልም ዓሣውን ጎዳ።

የ1974 ደንብና ትልቁ ቧንቧ

በ1972 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የውኃን ንጽሕና የሚጠብቅ ታላቅ ሕግ አወጣ። በሕጉ መሠረት ማጣሪያ ጣቢያ ለሚሠሩ ከተሞች ከወጪው 75 ከመቶ የሚሆነው ከፌዴራሉ መንግሥት ይሰጥ ጀመር። በ1974 ደግሞ የካሊፎርኒያ የውኃ ሀብት ቁጥጥር ቦርድ የተዘጉ ሰላጤዎችን የሚመለከት ደንብ አጸደቀ። ደንቡ የከተማ ፍሳሽ፣ ተጣርቶም ቢሆን፣ ወደ ሰላጤ መለቀቁ ደረጃ በደረጃ እንዲቆም ያዝዛል። ይሁን እንጂ አንድ ጠባብ በር ተወ፤ የሚለቀቀው ውኃ ሁልጊዜ በሚገባ የሚጣራ ከሆነና ሰላጤውን ውኃው ባይለቀቅበት ኖሮ ከሚኖረው ሁኔታ የተሻለ የሚያደርገው መሆኑ ከተረጋገጠ፣ መልቀቁ ሊፈቀድ ይችላል። የቀረው ታሪክ በሙሉ የተመሠረተው «ማበልጸግ» በሚለው በዚህ አንድ ቃል ላይ ነው።

ደንቡን ለመፈጸም በሰላጤው ዙሪያ ላሉት ከተሞች የታሰበላቸው መፍትሔ አንድ ትልቅ የጋራ ጣቢያ ነበረ። የሁሉም ከተሞች ፍሳሽ በረጅም ቧንቧ ተሰብስቦ፣ በፓምፕ ኃይል ሰላጤውን ዞሮና ከመርከብ መተላለፊያው ሥር አልፎ፣ በአንድ ስፍራ ተጣርቶ ወደ ውቅያኖስ እንዲለቀቅ ታቀደ። ዕቅዱ ከምሕንድስና አንጻር የሚናቅ አልነበረም። አንድ ትልቅ ጣቢያ ከብዙ ትንንሾች ይልቅ ለቁጥጥር ይመቻል፤ ከወጪው የሚበዛውም ከመንግሥት ይገኛል። ነገር ግን ተቃውሞ ገጠመው። ወጪው በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ሲሆን ግምቱም እየናረ ሄደ፤ ቧንቧው የሚያልፍበት ምድር የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያዘወትረው ነው፤ ፓምፖቹ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃሉ። የግንባታው እርዳታ ከመንግሥት ቢመጣም የማንቀሳቀሻው ወጪ ለዘለዓለም በነዋሪው ላይ የሚወድቅ ነበረ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በእርዳታ የሚሠሩ ፕሮጀክቶችን ለሚያውቅ አንባቢ አዲስ አይደለም።

በልኬት የተገኘ ማስረጃ

አርኬታ ዕቅዱን አልቀበልም ስትል በምትኩ የምታቀርበው ሐሳብ ያስፈልጋት ነበር። ይህንንም ያገኘችው ከራሷ ዩኒቨርሲቲ ነው። የዓሣ ሀብት ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጆርጅ አለን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተጣራውን የከተማ ፍሳሽ ከባሕር ውኃ ጋር እየቀላቀሉ በኩሬ ውስጥ የሳልሞን ጫጩቶችን ያሳድጉ ነበር። የዚህ ሙከራ ውጤት በጊዜው ለነበረው አስተሳሰብ ከባድ ጥያቄ አስነሣ፤ የተጣራው ፍሳሽ ለሰላጤው መርዝ ብቻ ከሆነ፣ ለብክለት እጅግ ስሱ የሆነው ሳልሞን እንዴት አድጎበት ወደ ባሕር ሊወጣ ቻለ?

ከአለን ጋር የአካባቢ ምሕንድስና ፕሮፌሰሩ ሮበርት ጊርሃርት፣ የከተማዋ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ ፍራንክ ክሎፕ እና ከከተማዋ ምክር ቤት ዳን ሃውዘር ሆነው አንድ ዕቅድ አቀረቡ። ዕቅዱ ከኦክሲጅን ኩሬዎች የሚወጣው ውኃ በሰው እጅ በተሠሩ ረግረጎች ውስጥ እንዲያልፍ የሚያደርግ ነበረ። ረግረጉ ውኃውን ይበልጥ ያጠራል፤ ራሱም ለወፍና ለዓሣ መኖሪያ ይሆናል። በዚህም ደንቡ የሚጠይቀው ማበልጸግ ይፈጸማል ማለት ነው። በረግረግ ተክል ፍሳሽን የማጥራት ሐሳብ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በጀርመን አገር በዶክተር ኬቴ ዛይደል ሲመረመር የቆየ ቢሆንም፣ የአንድ ከተማ ሙሉ ፍሳሽ በሕግ ኃላፊነት የሚጣልበት ዘዴ ሆኖ ገና አልተረጋገጠም ነበር።

የቁጥጥር ባለ ሥልጣኖቹ ጥርጣሬ ምክንያት የለሽ አልነበረም። ኦይስተር የሚረባበትን ሰላጤ በአንድ ከተማ ተስፋ ላይ ማስያዝ አይቻልም። ስለዚህ የተደረሰበት ስምምነት ሙከራ እንዲደረግ ነበረ። ከ1979 እስከ 1982 በአነስተኛ የሙከራ ረግረጎች ውስጥ ውኃው በልዩ ልዩ መጠንና ጥልቀት እየተለቀቀ፣ ሲገባና ሲወጣ ናሙናው እየተወሰደ ተለካ። ባዮኬሚካዊ የኦክሲጅን ፍላጎቱ፣ በውኃው ውስጥ የተንሳፈፈው ጠጣር፣ ናይትሮጅኑና የባክቴሪያው ብዛት በየጊዜው ተመዘገበ። በመጨረሻም ረግረጉ ለሁለተኛ ደረጃ ማጣሪያ በሕግ የተወሰነውን፣ ይኸውም በሊትር 30 ሚሊግራም የኦክሲጅን ፍላጎትና 30 ሚሊግራም ተንሳፋፊ ጠጣር፣ ሊያሟላ እንደሚችል ታየ። ብዙዎች የአርኬታን ድል የነዋሪዎች ቅንዓት ድል አድርገው ይተርኩታል። ቅንዓቱ አልጎደለም፤ ነገር ግን የቦርዱን ውሳኔ ያስለወጠው የሦስት ዓመት የልኬት መዝገብ ነው።

ረግረጎቹ የተሠሩበትም ቦታ የሚያስገርም ነው። ስፍራው የተተወ የእንጨት ፋብሪካ ግንድ ማቆያ ኩሬና የተዘጋ የከተማ ቆሻሻ መጣያ የነበረበት፣ ማንም የማይፈልገው የባሕር ዳር ነበር። በ1981 የረግረግና የዱር እንስሳት መጠበቂያው ተመረቀ፤ በ1986 ደግሞ የማጣሪያው ሥርዓት በሙሉ ተያይዞ ሥራ ጀመረ። በ1987 ከፎርድ ፋውንዴሽንና ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥታዊ አሠራር ፈጠራ ሽልማት አገኘ። ትልቁ የጋራ ጣቢያ ሳይሠራ ቀረ፤ የሰላጤው ትልቋ ከተማ ዩሬካም በ1984 የራሷን ጣቢያ ሠርታ የተጣራውን ውኃ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት መልቀቅ ጀመረች።

የጣቢያው አሠራር

ለሙያ ባልደረቦቻችን የአሠራሩን ቅደም ተከተል መግለጽ ተገቢ ይሆናል። ፍሳሹ መጀመሪያ በወንፊትና በአሸዋ መለያ ያልፋል፤ ቀጥሎ በማዝቀጫ ገንዳ ጠጣሩ ተለይቶ ዝቃጩ ወደ ማብላያ ይሄዳል። ውኃው ከዚያ 20 ሄክታር ገደማ ወደሚሆኑት ኩሬዎች ይገባል። ጣቢያው የታቀደው በደረቁ ወራት በቀን 8,700 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲቀበል ነው። የኩሬዎቹን ጥልቀት ለሒሳብ ያህል 1.5 ሜትር ብንወስድ፣ ውኃው በዚያ የሚቆይበት ጊዜ ወደ 34 ቀን ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያው ቆሻሻውን ያብላላል፣ አልጌውም በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ያቀርብለታል። የአየር መንፊያ ሞተር የሚሠራውን ሥራ የሚሠራው ፀሐይ ነው።

ሆኖም ኩሬ የራሱ ድክመት አለው። ኦክሲጅን የሚሰጠው አልጌ ራሱ ተንሳፋፊ ጠጣር ሆኖ ከውኃው ጋር ይወጣል። ረግረጉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው ፊላና ቄጠማ ብርሃን ስለሚከለክል አልጌው ይሞታል፤ ውኃው በግንዶቹ መካከል ቀስ ብሎ ስለሚሄድም ይዘቅጣል። በውኃ ውስጥ ያለው የተክሉ አካል ደግሞ ባክቴሪያ የሚጣበቅበት ሰፊ ገጽ ነው። ስለዚህ ተክሉ ቆሻሻውን ሥሩ መጥጦ ይጨርሳል የሚለው የተለመደ አነጋገር ትክክል አይደለም፤ የሥራው ትልቁ ድርሻ የባክቴሪያውና የጸጥታው ነው።

ከማጣሪያው ረግረግ የወጣው ውኃ ተሐዋስያኑ በክሎሪን ተገድለው፣ ክሎሪኑም ተወግዶ፣ በአለን፣ በጊርሃርትና በሃውዘር ስም ወደ ተሰየሙት የማበልጸጊያ ረግረጎች እንዲገባ ተደረገ። እነዚህ 12 ሄክታር ያህል ሲሆኑ ሕዝብ የሚመላለስባቸውና ወፎች የሚሰፍሩባቸው ናቸው። ከዚያ ውኃው ወደ ጣቢያው ተመልሶ ለሁለተኛ ጊዜ ተሐዋስያኑ ተገድለው ወደ ሰላጤው እንዲለቀቅ ሆነ። ሁለተኛው ዙር ያስፈለገበት ምክንያት ወፎቹ ራሳቸው በኩሳቸው ባክቴሪያ ስለሚጨምሩ ነው። ጣቢያው ለወፎች መኖሪያ በመስጠቱ የከፈለው ዋጋ ይህ ነበር። መጠበቂያው በጠቅላላው 124 ሄክታር ሲሆን፣ እስካሁን ከ300 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ታይተውበታል፤ ነዋሪዎቹም ለሽርሽርና ለትምህርት ይመላለሱበታል።

ድክመቶቹ

የአርኬታ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ራሱን በራሱ እንደሚያጠራ የተፈጥሮ ተአምር ተደርጎ ይነገራል። ይህ አነጋገር ለሙያው አደገኛ ነው። ፊላ በየዓመቱ ይበቅላል፣ ይሞታል፣ ቅሪቱም ከታች ይከማቻል። ካልተወገደ ጥልቀቱ ይቀንሳል፤ ውኃውም አቋራጭ መንገድ ፈልጎ ሳይጣራ ያልፋል። በክረምት የዝናብ ውኃ ባረጁት የከተማዋ ቧንቧዎች ስንጥቅ ስለሚገባ የሚመጣው መጠን ከታቀደው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ኦክሲጅን ባነሰበት ረግረግ ውስጥ አሞንያን ወደ ናይትሬት መለወጥ አስቸጋሪ ነው። ክሎሪን ከኦርጋኒክ ነገሮች ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥራቸው ውሕዶችም ጎጂ መሆናቸው ስለ ታወቀ፣ ከተማዋ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጣቢያዋን ስታድስ ክሎሪኑን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለመተካት ወሰነች። በሌላ አነጋገር፣ የ1986ቱ ጣቢያ እንደ 1949ኙ ሁሉ አንድ ምዕራፍ እንጂ ፍጻሜ አልነበረም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የባሕሩ መነሣት ነው። ጣቢያው የተሠራው ቀድሞ ባሕር ይገባበት በነበረና በግድብ በተከለለ ዝቅተኛ መሬት ላይ ነው። የሃምቦልት ሰላጤ አካባቢ መሬቱ ራሱ ቀስ በቀስ ስለሚሰጥም፣ ከመሬቱ አንጻር ሲለካ ባሕሩ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ከሌላው ቦታ ሁሉ ፈጥኖ የሚነሣው እዚህ ነው። ስለዚህ ጣቢያውን በአለበት ቦታ እያጠናከሩ መቆየት ወይስ ከፍ ወዳለ ስፍራ ማዛወር ይሻላል የሚለው ጥያቄ የከተማዋ ታላቅ ጥያቄ ሆኗል። ማንም የማይፈልገው የባሕር ዳር መሬት በ1970ዎቹ ርካሽ መስሎ ታይቶ ነበር፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን ዘግይቶ ነው።

ለእኛ ሙያተኞች የሚሰጠው ትምህርት

ይህ ታሪክ ከአገራችን ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለው። በአዲስ አበባ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ ጣቢያ እንደ አርኬታው ሁሉ በኩሬዎች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የታቀደውም በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ነበረ። ሁለቱ ጣቢያዎች በመጠን የሚቀራረቡ ነበሩ ማለት ነው፤ የሚያገለግሏቸው ከተሞች ግን ፈጽሞ አይመጣጠኑም። አንደኛው የአንዲት ትንሽ ከተማ ሙሉ ፍሳሽ ሲቀበል፣ ሁለተኛው ከአንድ ታላቅ ከተማ ፍሳሽ ጥቂቱን ብቻ ይቀበል ነበር። ቃሊቲ በ2018 በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ወደሚያጣራ፣ በሌላ ዘዴ ወደሚሠራ ጣቢያ ተለውጧል።

ይህ ለውጥ አስፈላጊ የሆነበትን ምክንያት ቀላል ሒሳብ ያሳያል። በአርኬታ ኩሬው ብቻ ለአንድ ነዋሪ 11 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህንኑ መጠን ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ብናደርገው 1,100 ሄክታር ይሆናል። ለታላቅ ከተማ እንዲህ ያለ መሬት አይገኝም። ለ20,000 ሰው ግን 22 ሄክታር ብቻ ነው። ስለሆነም ኩሬና ረግረግ የትልልቅ ከተሞችን ችግር ባይፈታም፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና መለዋወጫ እንደ ልብ ለማይገኝላቸው፣ ፀሐይና መሬት ግን ላላቸው ትንንሽ ከተሞች በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው አማራጭ ነው። ይህ ሲባል ቅጂው እንዳለ ይወሰድ ማለት አይደለም። የአርኬታ አየር ቀዝቃዛና ጭጋጋማ ነው፤ የእኛ ከተሞች ፀሐይ፣ ከፍታና የዝናብ ወራት ሌላ ስለ ሆነ የመቆያው ጊዜና ጥልቀቱ እዚሁ ተለክቶ መወሰን አለበት። በቆላማ አገር የወባ ትንኝ መራቢያ እንዳይሆንም ከዕቅዱ ጀምሮ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታሰብ የሚገባው፣ የ1974ቱ ደንብ ያነሣው ጥያቄ ነው። የምንለቀው ውኃ ተቀባዩን ወንዝ ምን ያህል ይጎዳዋል ብሎ መጠየቅ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ወንዙ ይህ ውኃ ባይጨመርበት ኖሮ ከሚሆነው የተሻለ ሊሆን ይችላልን ብሎ መጠየቅ ግን የንድፍ ጥያቄ ነው፤ ንድፉን ገና ከመጀመሪያው መሥመር ይለውጠዋል። በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ባሉበት አገር ይህ ጥያቄ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም፤ እነርሱ የሚያጠጡት ውኃ ከተማው የለቀቀው ነውና። አርኬታ ለጥያቄው መልስ የሰጠችው በሦስት ዓመት ልኬትና ከዚያ ወዲህ ባላቋረጠ ጥበቃ ነው። የእኛም ትንንሽ ከተሞች ማጣሪያ ጣቢያ በሚያቅዱበት ጊዜ ከግንባታው በጀት ጋር የላቦራቶሪውን፣ የናሙና ወሳጁንና በየዓመቱ ፊላውን የሚያጭደውን ሠራተኛ በጀት አብረው እንዲይዙ ማሳሰብ የማኅበራችን አባላት የሙያ ግዴታ ነው።